ከታንከሩ ጀርባ የቀሩት ሦስት ዘንጎች

ቀርከሃው ማበቡን ከሁሉ ቀድመው ያወቁት የልጅቷ አክስት ናቸው፤ ያወቁትም ባጠቡት አንሶላ ነው። ጠዋት ገመድ ላይ ያሰጡትን ነጭ አንሶላ ቀትር ላይ ሊያነሱት ቢሄዱ ቢጫ ብናኝ ተነስንሶበት አገኙት። ቢያራግፉት አልለቀቀም። መልሰው አጠቡት፣ መልሰው አሰጡት፣ መልሶ ቢጫ ሆነ። በሦስተኛው ቀን አንሶላውን እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ እየጎተቱ ወርክሾፑ ገቡና ወንድማቸው አፍንጫ ሥር ዘረጉት። ያ የምትኮራበት ቀርከሃ ነቅዟል አሉ፤ ወይ እሱን ቁረጥልኝ፣ ወይ ለእኔ ሌላ ግቢ ፈልግልኝ።

ወንድማቸው ወንበር ሠሪ ናቸው። ወንበር ይባል እንጂ መደርደሪያም፣ የሕፃን አልጋም፣ የመጋረጃ ዘንግም ይሠራሉ፤ ሁሉንም ከቀርከሃ። ቀርከሃውን ከማንም አይገዙም። ከወርክሾፑ ጀርባ፣ ከግቢው በር እስከ ውሃ ታንከሩ ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ የቆመው ደን የራሳቸው ነው። ያቆሙት አባታቸው ናቸው፤ ከሥር የተገነጠለች አንዲት ጉማጅ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፣ በጀርባቸው አዝለው፣ የሁለት ቀን መንገድ በእግራቸው አምጥተው። ከዚያች ጉማጅ ወዲህ ከውጭ የመጣ የለም፤ እሷው እየተገነጠለች፣ እየተተከለች ግቢውን ሞላችው። ወርክሾፑም አንድ የቆየ ደንብ አለው። የሙሉ ቤት ዕቃ ያዘዘ ደንበኛ ዕቃውን ሲረከብ አንዲት የሥር ቁራጭ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልላ ትመረቅለታለች። ወንበሩ ሲያረጅ ሌላ ያበቅሉለታል ይሉታል፤ ለሁሉም ደንበኛ ያቺኑ ቀልድ። እንዲህ እየሆነ የትምህርት ቤቱ አጥር፣ የጤና ጣቢያው ግቢ፣ የወንዙ ዳርቻና የብዙ ቤት ጓሮ የዚያች የአንዲት ጉማጅ አካል ሆኗል።

ወንበር ሠሪው አንሶላውን አዩ፣ አሸተቱ፣ ብናኙን በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ከዚያ "ፕሮፌሰር!" ብለው ተጣሩ። ፕሮፌሰር የሃያ ሁለት ዓመት ልጃቸው ናት። ስሙን ያወጡላት አክስቷ ናቸው፤ ገና በስድስት ዓመቷ ሣር ለምን አረንጓዴ እንደሆነ እየጠየቀች መውጫ መግቢያ ያሳጣቻቸው ጊዜ። እናቷ በሕፃንነቷ ስላረፉ የጥያቄው መዓት የሚወርደው በአክስቷ ላይ ነበር። ዛሬ የዕፅዋት ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች፤ ስሙም ከቀልድነት ወደ ትንቢትነት እያደላ ሄዷል። ለሁለት ወር ዕረፍት ቤት መጥታ ነበር።

አጉሊ መነጽሯን ይዛ ወጣችና አንዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጋ አየችው። ቅጠል መውጣት በነበረበት ቦታ የስንዴ ዛላ የመሰለ ነገር ወጥቷል፤ ከዛላውም ክር የሚያህሉ ቢጫ ነገሮች ተንጠልጥለው ነፋስ በነካቸው ቁጥር ብናኛቸውን ይለቃሉ። አበባ ነው አለች።

"ይኼ አበባ ከሆነ እኔም ኮረዳ ነኝ" አሉ አክስቷ።

የአባቷ ፊት ግን በራ። በዕድሜያቸው ሙሉ ሲያብብ አላዩም፤ አባታቸውም አላዩም። ይህን ሁሉ ዘመን ያበላቸው ተክል በስተርጅናቸው ሊመርቃቸው የመጣ መስሎ ታያቸው። በዕለቱ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ እጁን እየያዙ ወደ ጓሮ እየወሰዱ አሳዩ። ልጅቷ ቅርንጫፉን እንደያዘች ቀረች። በሁለተኛ ዓመት መጽሐፏ በአንድ ገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት አንቀጽ ትዝ ብላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛው ሲቀንስ ወደ ወርክሾፑ ገባች።

"አባባ፣ እስቲ ይቀመጡ" አለች።

"ቆሜ ልስማው። ተቀመጥ ብሎ መልካም ነገር የነገረኝ ሰው የለም።"

ቆመው ሰሙት። ይህ ዓይነቱ ቀርከሃ በዕድሜው የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው አለቻቸው። ስልሳም ይሁን መቶ ዓመት ሥሩን ሲዘረጋ፣ ዘንጉን ሲያቆም ይኖርና ቀኑ ሲደርስ አበባውን ያወጣል፤ ካወጣም በኋላ ብዙ ሳይቆይ ከነሥሩ ይደርቃል። አንድ ወይም ሁለት ዘንግ አይደለም የሚደርቀው፤ ሁሉም ነው።

"ሁሉም ማለት?"

"የትምህርት ቤቱም፣ የጤና ጣቢያውም።"

አባቷ ሳቁ። "የትምህርት ቤቱን እኮ የተከልኩት አምና ነው። ገና ሕፃን ነው።"

"ሕፃን አይደለም፣ አባባ። የተገነጠለ ነው እንጂ የተወለደ አይደለም። ዕድሜውን ይዞ ነው የሄደው።"

ይህን አላመኗትም። ሥር ሲገነጠል ይታደሳል፤ ከአባታቸው የተረከቡት፣ አርባ ዓመትም ለደንበኛ ሲናገሩት የኖሩት ይህንኑ ነው። በማግስቱ ግን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አጥሩ ላይ ቢጫ ነገር ወጥቷል፣ መድኃኒት ይረጭ ወይ ብሎ ሊጠይቅ መጣ። በሦስተኛው ቀን የጤና ጣቢያዋ ጽዳት ሠራተኛ መጣች። ከወንዙ ዳርም መጡ። አንዱ የሌላውን አላየም፣ አልሰማም፤ ቀርከሃው ግን በየተተከለበት ተራርቆ ቆሞ፣ ቀጠሮ እንደያዘ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ አበበ።

ያን ጊዜ አባቷ ተቀመጡ።

አክስቷ ነገሩ ከግቢ እንዳይወጣ መከሩ። የሰዉን ሆድ ከወዲሁ ማባባት ምን ይጠቅማል፤ ሲደርቅ ያየዋል። ልጅቷ በዚህ አልተስማማችም። እውነት ሰውን አይጎዳም፣ የሚጎዳው ያልተነገረው ነው አለች፤ ይህን ስትናገር ጉንጯ እንደሚቀላ፣ አንገቷም እንደሚቀና አክስቷ ያውቁታልና "እንግዲህ ስብከቱ ጀመረ" ብለው ወደ ልብሳቸው ተመለሱ።

አባቷ ምን ሆኖ ነው የሚሞተው ሲሉ ጠየቋት። ውሃ አላጣ፣ መሬቱ አልከፋበት፣ ተባይ አልገባበት። ጥያቄው የእሷም ጥያቄ ነበር። የቅጠል ሞት ማንንም እንቅልፍ አይነሳም፤ እሷን ግን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ሲነሳት ኖሯል። ቅጠል ቢጫ የሚሆነው ተበላሽቶ አይደለም አለቻቸው። ተክሉ ራሱ ነው ቤቱን የሚያፈርሰው፤ ምስማሩን ነቅሎ፣ ቆርቆሮውን አውርዶ፣ እንጨቱን ለይቶ። አረንጓዴውን ይፈታዋል፤ በውስጡ የነበረውን ምግብ አንዲት ሳያባክን ያጓጉዝና ዘሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እኛ የምናየው ቢጫ ከፈረሰው ቤት የተረፈው ግድግዳ ነው። ስንዴም፣ በቆሎም፣ ባቄላም እንዲሁ ናቸው፤ ማንም ሳይነካቸው፣ በገዛ እጃቸው ራሳቸውን ፈትተው ለልጃቸው ሰጥተው ይሞታሉ።

ከዚያ ያለፈውን ዓመት ሙከራዋን ነገረቻቸው። ሁለት መቶ ሥር ባቄላ በሳጥን ተክላ፣ የግማሹን እሸት ገና ብቅ ሲል በየማለዳው ቀነጠበችው፤ ግማሹን ተወችው። የተተወው በጊዜው ዘር ይዞ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ደረቀ። የተቀነጠበው ግን ጎረቤቱ ገለባ ሆኖ ከተነሣ በኋላም ሰባት ሳምንት ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ቆየ። መምህሯ ወረቀቷን አንብበው "ንጹሕ ሥራ ነው" ብለዋት ነበር። ሰውየው ምስጋና ሲቆጥቡ አይጣል ነውና ያችን ቃል እንደ ጌጥ አንገቷ ላይ አንጠልጥላት ነበር የከረመችው።

አባቷ ሁለት እጃቸውን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አዳመጡ። የእጅ ሥራ ሰው ናቸውና ነገር የሚገባቸው በመፍታትና በመግጠም ነው።

"እንግዲያው ልጅ ከሌለው" አሉ ቀስ ብለው፣ "ቤቱን የሚያፈርስበት ምክንያት የለውም።"

"የለውም" አለች።

ይህችን ቃል በኋላ ደጋግማ አስባታለች። "ባቄላ ላይ" የሚሉትን ሁለት ቃላት ብትጨምርባት ኖሮ ምን ነበረበት። ግን የአባቷ ፊት ላይ ከሦስት ቀን በኋላ ደም ሲመለስ አየች፤ ደግሞም የምትናገረውን አምናበት ነበር። ለመምህሯ ደውላ መጠየቅም ትችል ነበር፤ ቁጥራቸው አላት። አልደወለችም። ያለቀ ውጤት ይዛ ገብታ ጠረጴዛቸው ላይ ልታስቀምጥላቸው ፈለገች፤ ይህን ተክል ከሞት አስቀርቼዋለሁ ልትላቸው።

አክስቷ ብቻ አንድ ነገር ለመኑ። "አንዱን እንኳ ተዉለት" አሉ። "ይህን ሁሉ ዘመን ሆዱ ውስጥ ይዞት የኖረው ምን እንደሆነ እንየው።" ልጅቷ ፈገግ ብላ አስረዳቻቸው። ከተቀነጠበው ባቄላ መካከል ጥቂት እሸት ያስቀረችባቸው ሥሮች ሁሉ እንዳልተቀነጠበ ሆነው ደርቀዋል፤ አንድ ዘለላ ዘር ከያዘ መልእክቱ ወደ ሥሩ ይሄዳል፣ ሥሩ ደግሞ የሁሉም ነው። አክስቷ ከዚያ በላይ አልተከራከሩም። ከፕሮፌሰር ጋር ተከራክረው አሸንፈው አያውቁም።

ዝርዝሩን በካርቶን ላይ በጥሩ ፊደል ጽፋ ወርክሾፑ በር ላይ ለጠፈችው። አንድ፣ አበባው እንደወጣ ይቆረጥ፤ አንድም አይቅር። ሁለት፣ በየሦስት ቀኑ ውሃ ይጠጣ። ሦስት፣ ምግቡን እንዳይሻማው በሥሩ የሚበቅል ሣር ሁሉ ይታረም። አራት፣ የተቆረጠውና የታረመው ይቃጠል። ይህንኑ በወረቀት እየገለበጠች ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለወንዝ ዳሮቹ፣ የሥር ቁራጭ ለተመረቀለት ሁሉ ቤት ለቤት ዞራ አደረሰች። ሰዉም አመሰገናት። የወንበር ሠሪው ልጅ መድኃኒቱን አገኘችው ተባለ።

ሰባት ሳምንት ሠሩ። አባቷ ከመሰላሉ አናት ላይ ሆነው በረጅም እንጨት ጫፍ ባሰሩት ማጭድ ዛላውን ይቆርጣሉ፤ እሷ ከሥር በጆንያ ትሰበስባለች፤ አክስቷ አንሶላቸውን በቤት ውስጥ እያሰጡ ያማርራሉ። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር መሰላሉ ይንሸራተታል። አባቷ አንድ ጊዜ ሁለት ደረጃ ተንሸራተው ቢንጠለጠሉ፣ እዚያው እንደተንጠለጠሉ ይህን ደን ያተረፈ ሰው ጉልበቱን ማን ያተርፍለታል ብለው ቀለዱ። ቀርከሃው በቆረጡት ቁጥር ከአንጓው አዲስ ዛላ ያወጣል፤ እነሱም ይደግሙታል። ዛላው በየቀኑ ይቃጠላል።

ያልደረሱበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። በውሃ ታንከሩና በጀርባ ግንቡ መካከል ያለችው ስንጥቅ መሰላል አታስገባም፤ እዚያ ውስጥ የበቀሉ ሦስት ዘንጎች ከታንከሩ በላይ ተመዘው ሰማይ ላይ አብበዋል። አባቷ የረዘመ እንጨት ፈልጌ እመጣባቸዋለሁ ሲሉ፣ ዝናብ ሲከለክል፣ የእሷ ዕረፍት አለቀ። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ "ጉድለት" በሚለው ርዕስ ሥር ጻፈችው፦ ከታንከሩ ጀርባ፣ ሦስት ዘንጎች፣ አልተቆረጡም።

ትምህርቷን ለመቀጠል ከሄደች በኋላ አባቷ በየእሑዱ ይደውሉላት ነበር። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው ይሏታል። ውሃውን አላስታጎልኩም። ዝናቡ ሣሩን አበረታታው እንጂ እኔም በርትቻለሁ፤ አንዲት አላስቀርም ይሏታል። ጎበዝ አባባ ትላቸዋለች፤ እሳቸውም እንደ ተማሪ ደስ ይላቸዋል።

በስድስተኛው እሑድ የደወሉት አክስቷ ነበሩ። አክስቷ ስልክ አይወዱም፤ ሰላምታም አላስቀደሙም። "አባትሽ አይነግርሽም" አሏት። "ቢጫ ሆኗል። ከጫፍ ይመስለኝ ነበር፤ ከታች ነው። ትናንት አንድ ዘንግ ሊሰነጥቅ ቢሞክር ቢላዋው ሥር ዱቄት ሆነበት። እዚያው ቁጭ ብሎ ዋለ።"

በማግስቱ በማለዳ የመምህሯን በር አንኳኳች። ያለቀ ውጤት ይዛ ልትገባ ባሰበችበት ክፍል ባዶ እጇን ገባች። መምህሯ አንድም ጊዜ ሳያቋርጡ ሰሟት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ስለ ቀርከሃው ሳይሆን ስለ ባቄላው ጠየቋት።

"ከሰባት ሳምንት በኋላ ምን ሆነ?"

"ሙከራው አልቆ ነበር" አለች። "ሳጥኖቹን አስረክቤያለሁ።"

"እኔ አይቼዋለሁ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ማንም ሳያነሣቸው መስኮቱ ላይ ቆዩ። ዘር ስላልያዙ ዘገየ እንጂ አልቀረላቸውም። አረንጓዴ እንደሆኑ ሞቱ።"

ቀጠሉና ቀስ ብለው አስረዷት። ዘሩ ምግብ ይስባል፤ ሞትንም ያፋጥናል፤ ይህ እውነት ነው፣ ወረቀቷም እውነት ነው። ተክሉን ግን ዘሩ ብቻውን አይገድለውም። ቀርከሃው ጉዞው የሚያበቃበትን ቀን የቆጠረው አበባውን ከማውጣቱ በፊት ነው፤ እንዴት እንደሚቆጥር፣ ለምንስ በዚያ ቀን እንደሚያቆም፣ እናውቃለን ብለው ሊዋሿት አይፈልጉም። የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ የዚያ ተክል መዳኛው ዘሩ ብቻ ነበር። ዘሩ ዕድሜ የለውም፤ ቆጠራውን ከአንድ ይጀምራል። በመጨረሻ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ የተረፈ አበባ አለ ወይ አሏት።

ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆማ መደወል ጀመረች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንድም እንዳላስቀሩ፣ ተማሪዎቹ ሳይቀሩ እንደረዱ በኩራት ነገራት። የጤና ጣቢያዋ ጽዳት ሠራተኛ በወረቀቱ መሠረት ሁሉን አቃጥለናል፣ አትጠራጠሪ አለቻት። የወንዝ ዳሮቹ ሙልጭ አድርገነዋል አሉ፤ ታዲያ ለምን ይደርቃል ብለው ጠየቋት። ለእያንዳንዱ አመሰግናለሁ እያለች ዘጋች። ስሟን እየጠሩ እሷን የታዘዙ ሰዎች ናቸው፤ ያጠፉት ነገር የለም። ስልኩን ይዛ እንደቆመች ማስታወሻ ደብተሯ ትዝ አላት፤ ጉድለት።

በማግስቱ የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች። መንገዱን በሙሉ ቀን ስትቆጥር ሄደች። ዘሩ በስንት ሳምንት ይበስላል፤ ረግፎ በእርጥብ መሬት ላይ በስንት ቀን ይበቅላል። ቁጥሩ ሁሉ ይስማማል። ባሳለፈችው ዓመት ሁሉ ከጻፈችው መካከል በዚያች አንዲት ጉድለት ላይ ተስፋዋን ጥላ፣ ባልሠራችው ሥራ እየጸለየች ነበር።

ግቢው ስትገባ መጀመሪያ የተሰማት ድምፁ ነው። ያ ሲያድግም ሲያርፍም ሹክሹክታ የማይለየው ደን አሁን ነፋስ ሲነካው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ከላይ እስከ ታች የገለባ ቀለም ለብሷል። ቅጠሉ ረግፎ መንገዱን ሸፍኗል። ገመዱ ላይ የአክስቷ አንሶላ ተሰጥቶ ነበር፤ ነጭ ነው፣ አንዲት ነጥብ የለበትም። አክስቷ ሳሟትና በአገጫቸው ወደ ታንከሩ አመለከቷት።

አባቷ ከታንከሩ ጀርባ ነበሩ። በዚያች ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ጆንያ አንጥፈው ተንበርክከዋል፤ አጭር መኮትኮቻ በእጃቸው ነው። ሲያዩዋት ደስ አላቸው፤ ወዲያውም እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። ልጄን አሳፈርኳት ያሉ ይመስሉ ነበር።

"ከዝርዝርሽ አንድም አላጎደልኩም" አሏት። "ሣሩ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። ሌላው ቦታስ ደህና ነው፤ እዚህ ግን ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ሣር አይቼ አላውቅም። በአንድ ሳምንት ምንጣፍ አስመሰለው። በመኮትኮቻ ቢቆረጥ ይመለሳል ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ በጣቴ፣ ከነሥሩ ለቀምኩት። ምግቡን የበላበት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ዘግይቼበት ይሆናል።"

ልጅቷ መሬቱን አየች። ከግንቡ እስከ ታንከሩ እግር፣ ሦስቱ የሞቱ ዘንጎች በቆሙበት ዙሪያ ሁሉ፣ አፈሩ እንደተወለወለ ወለል ንጹሕ ነበር። በግንቡ ሥር ደግሞ የታረመው ተከምሯል። ከተነቀለ አሥር ቀን ሳይሆነው አይቀርም፤ ላዩ ደርቆ ተጠቅልሏል።

ጎንበስ ብላ አንዷን አነሣች። ክር የመሰለ ግንድ፣ የጦር ጫፍ የመሰሉ ሁለት ትንንሽ ቅጠሎች፣ አንዲት ደቃቅ አንጓ። ከሥሯ ላይ ገና ያልወደቀች የዘር ቅርፊት ተንጠልጥላለች፤ ከስንዴ ፍሬ ቀጠን ትላለች። በመጽሐፍ ሥዕል እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም። በዚህ ግቢ ማንም አይቶት አያውቅም፤ በዘንጉ ድምፅ ዕድሜውን የሚለዩት፣ በጨለማ በጣታቸው ዳብሰው የሚያውቁት አባቷ፣ የቀርከሃን ልጅ አንድም ቀን አላዩም። ከምሩ ውስጥ እጇን አስገብታ ወደ ታች ፈለገች። አንዲት እርጥብ፣ አንዲት አረንጓዴ ብታገኝ። ሁሉም በጣቶቿ መካከል ተሰባበረ። በመቶዎች ይሆናሉ። እያንዳንዳቸው ከነቅርፊታቸው።

ቆጠራውን ከአንድ የጀመሩ ነበሩ። ያጠፋቸው የአባቷ ጣት ነው፤ ጣቱን ያዘዘው የእሷ ፊደል፣ ሦስተኛው ተራ።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ አባቷ። መኮትኮቻውን አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከእጇ ሳይነቅሉ፣ ድሮ ከመጽሐፏ አንድ ነገር አንብባ እስክትነግራቸው እንደሚጠብቁት ነበር የሚጠብቁት። እሷ ያለቻቸውን ሁሉ ሳይጠራጠሩ አምነዋል። አሁንም የምትለውን ያምናሉ።

እውነት ሰውን አይጎዳም ብላ ነበር፤ በዚሁ ግቢ፣ አንገቷን አቅንታ። ቃሉን ከአፏ ልታወጣው ሞከረች። ሦስት ቀን የተንበረከኩባቸውን ጉልበቶች አየች፤ ጥፍራቸው ውስጥ የገባውን አፈር አየች። ከዚያም፣ ይህን ከራሷ መደበቅ አልቻለችም፣ እውነቱ ሲነገር ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አየች፤ ታዲያ ማን ነው እረም ያለኝ የሚለውን።

"ሣር ነው፣ አባባ" አለች።

"እኔም ብያለሁ" አሉ። ፊታቸው ላይ የሆነች ትንሽ ዕረፍት አለፈች፤ ቢያንስ በዚህ አልተሳሳቱም። ለማን ብላ እንደዋሸች፣ ለእሳቸው ይሁን ለራሷ፣ ልትለይ ብትሞክር አልቻለችም።

አባቷ ግንቡን ተደግፈው ተነሡ። ይኼ ክምር ሳይቃጠል ቀርቷል፤ አራተኛው ተራ ላይ እንደጻፍሽው ነበር ማድረግ የነበረብኝ፣ እርጥብ ስለነበረ ነው አሉ፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። ጆንያውን ዘረጉ። እሷም በሌላው ጫፍ ያዘችላቸውና፣ በእጇ ያለችውንም አንዷን ሳታስቀር ጨምራ፣ ሁለቱ ተሸክመው ወደ ግቢው መሃል ወሰዱት።

ቶሎ ተያያዘ፤ ነዶም ቶሎ አለቀ። አክስቷ ጭሱን ሲያዩ ከቤት ወጥተው አንሶላቸውን ከገመዱ ላይ አወረዱና አጣጥፈው ይዘው ገቡ።